ደመወዝ የሌለው የራዲዮ ዘጋቢ በምን ይኖራል?

አንባቢ ሆይ፤ ማታ ራዲዮ ስትከፍት «ዘጋቢያችን ከደሴ የላከውን እናሰማችኋለን» ሲባል ሰምተህ፥ ያ ሰው በምን እንደሚኖር አስበህ ታውቃለህን? እንዳንተ በወሩ መጨረሻ ፈርሞ የሚቀበለው ደመወዝ ያለው ይመስልህ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን የለውም። የሚከፈለው በላከው ዘገባ ልክ ነው፤ ካልላከ አይከፈለውም፤ ቢታመምም የሚጠብቀው ደመወዝ የለም፤ የጡረታ መዋጮ የሚያዋጣለት አሠሪም የለውም።

ጣቢያዎች ይህን ሰው የሚፈልጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአማርኛ ሥርጭቱን በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የጀመረው የጀርመን ድምፅ ራዲዮ፥ ስቱዲዮው ጀርመን አገር ሆኖ የወሎን ገበያ ጫጫታ ከዚያው ሊያገኝ አይችልም። በየከተማው ቋሚ ሠራተኛ ማኖር ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሩቅ ያለ ጣቢያ ከቦታው የሚመጣ ድምፅ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

እስቲ አብረን እናስላ። ሦስት ደቂቃ ለሚሆን ዘገባ አንድ ቀን በአውቶቡስ፥ አንድ ቀን የባለሥልጣን ደጅ በመጥናት፥ ግማሽ ሌሊት ደግሞ ድምፅ በመቁረጥና በመቀጠል ያልፋል። የመሳፈሪያው፥ የአልጋውና የስልኩ ወጪ ዛሬ ይወጣል፤ ክፍያው ግን የሚመጣው ዘገባው ከተላለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ብልህ ዘጋቢ ከቤቱ ሳይነሣ አራት ነገር ከአዘጋጁ ጋር ይነጋገራል፦ ዘገባው ስንት ደቂቃ ነው? ዋጋው ስንት ነው? የመንገዱን ወጪ ማን ይችላል? ክፍያው መቼ ነው? ደግሞም በአንድ መንገድ አንድ ዘገባ ብቻ ይዞ አይመለስም። ስለ ቡና ዋጋ ሊጠይቅ ጅማ የሄደ ሰው፥ የለቃሚዎቹን ውሎና የጭነት መኪና ነጂዎቹን ችግርም ቀድቶ ይመለሳል።

መሣሪያው ዛሬ አያስቸግርም። ቀድሞ የቴፕ መቅጃ በትከሻ ተሸክሞ መዞር ነበር፤ አሁን በኪስ ያለ ስልክ ይበቃል። ጸጥ ያለ ክፍል ያጣ ዘጋቢም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያነባል፤ ብርድ ልብሱ የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጠዋልና።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ስብሰባ የጠራው መሥሪያ ቤት በመጨረሻ «አበል» ብሎ ፖስታ ይሰጣል። ኪሱ ባዶ ለሆነ ዘጋቢ ይህ ፖስታ ከዘገባው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን የተቀበለ እንደሆነ፥ ተቆፈረ የተባለው የውሃ ጉድጓድ ለምን ውሃ እንደማይሰጥ በማግሥቱ በምን አፉ ይጠይቃል? አድማጭ ፖስታውን አያይም፤ ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ ግን ያስተውላል።

እንግዲህ ይህ ሥራ የሚማርክህ ከሆነ፥ ደመወዝህን ነገ አትልቀቅ። መሥሪያ ቤትህ የሚፈቅድልህ መሆኑን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ለውጭ አገር ጣቢያ የምትሠራ ከሆነም ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልግሃል። ከሁሉ በፊት ግን የሦስት ወር ቀለብህን አስቀምጥ። ፖስታው ሲዘረጋልህ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ አልቀበልም» ለማለት የሚያስችልህ ጨዋነትህ ብቻ አይደለም፤ ቤትህ ያለው ጤፍም ነው።