የአሮጌው ጌም ወረፋ

ስኩዌር ኢኒክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2010 ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ 14 የተሰኘ ኦንላይን ጌም ገበያ ላይ ወድቆ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው)። ናኦኪ ዮሺዳ ተረከበውና እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2013 ተመለሰ፤ እስከ 2024 ደግሞ አምስት ትልልቅ ማስፋፊያዎች ተጨመሩበት። ራስ ምታቱም ከዚሁ ስኬት ተወለደ። ዛሬ የሚመዘገብ ደንበኛ፣ ታሪኩን የሚያሻግረውን መዝለያ ለብቻው ካልገዛ በቀር፣ ታሪኩን ከ2013ቱ ክፍል መጀመር አለበት። በመንገዱ ያሉት ብዙዎቹ ፍልሚያዎች አራት ወይም ስምንት ሰው ይፈልጋሉ፤ ነባሮቹ ተጫዋቾች ግን ያንን ሰፈር ከለቀቁ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ነገሩ ካልሞላ እንደማይነሳ ሚኒባስ ነው። አንዱ ሲወርድ የቀሩት ቆይታ ይረዝማል፤ ቆይታው ሲረዝም ሌላውም ይወርዳል። ኢኮኖሚስቶች የኔትወርክ ውጤት የሚሉት ጉልበት እዚህ ላይ ወደ ኋላ ይሠራል። ገቢው ወርኃዊ ክፍያ ለሆነ ኩባንያ ደግሞ ወረፋ የሰለቸው ጀማሪ የሚቀጥለውን ወር የማይከፍል ደንበኛ ነው።

መፍትሔው ዲዩቲ ሩሌት ይባላል። ነባሩ ተጫዋች መድረሻውን ሳይመርጥ ይመዘገባል፤ ሲስተሙ ሰው ወደሚፈለግበት ይመድበዋል። አቅሙም ለቦታው በሚመጥን ደረጃ ዝቅ ይደረጋል፤ አለዚያ ጀማሪው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በምላሹ በቀን አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ሽልማት ያገኛል። በቡድኑ ውስጥ ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ጭማሪ ይከፈላል። ይቺ ሐሳብ ትማርከኛለች፤ ሸክም የነበረውን ጀማሪ ሲሳይ ታደርገዋለች።

የሙያ እጥረትም አለ። አራት ሰው ያለው ቡድን አንድ ታንክ፣ ማለትም የጠላትን ዱላ የሚቀበል፣ አንድ ሂለር፣ ማለትም ቁስለኛውን የሚያክም፣ እና ሁለት አጥቂዎች ያስፈልጉታል። ማጥቃትን ብዙው ይወዳል፤ ታንክ ሆኖ ኃላፊነቱን የሚሸከም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲስተሙ በሰዓቱ የጎደለው ሙያ የቱ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ለሱም ይጨምራል። ዋርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም በ2011 ተመሳሳይ ጥሪ ጀምሯል። ዋጋ በሌለበት ገበያ እጥረትን የሚናገረው የወረፋው ርዝመት ነው፤ ድጎማውም እሱን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል።

የሚከፈለው ኩባንያው ራሱ የሚፈጥረው የጌም ገንዘብ ነው። ማተሚያ ቤቱ በእጄ ነው ብሎ ግን ያለልክ አይረጭም። የላቀ ትጥቅ የሚገዛበት ሳንቲም ለዓመታት በሳምንት የ450 ጣሪያ ነበረው። ጣሪያው ባይኖር ነባሩ በጥቂት ቀን ጠግቦ ወደ አሮጌው ሰፈር የሚመለስበት ምክንያት ያጣል።

ችግሩ፣ ማበረታቻ የተከፈለበትን ነገር ብቻ ነው የሚገዛው። ለመጨረስ ከተከፈለ ሰው ቶሎ ለመጨረስ ይሮጣል። በ2013ቱ ታሪክ መደምደሚያ ባሉት ሁለት ፍልሚያዎች ላይ ጀማሪው ታሪኩን የሚተርከውን ፊልም ሲያይ፣ ነባሮቹ ፊልሙን ዘለው ጠላቱን ገድለው ይጠብቁት ነበር። ለዚያ ቀን የለፋ ጀማሪ ድሉን ሳያየው አለፈው። በ2018 መጀመሪያ ኩባንያው ፊልሙ እንዳይዘለል ከለከለ፤ ለሚባክነው ጊዜም ሽልማቱን ከፍ አደረገ። እናም ነባሮቹ ፊልሙ እስኪያልቅ ሌላ ጉዳያቸውን እየሠሩ ክፍያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ! ጊዜያቸው ተገዛ፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። በመጨረሻ፣ በ2022፣ ስምንት ሰው ይፈልጉ የነበሩት ሁለቱ ቦታዎች ለአራት ሰው ሆነው እንደገና ተሠሩ።

በዚያው ዓመት በ2013ቱ ታሪክ የአራት ሰው ቦታዎች ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሳቸው አጋሮች መግባት ጀመሩ፤ ሰው ከጠፋ ብቻን መሄድ ይቻላል። ይህን እንደ መጠባበቂያ እደግፈዋለሁ። ሽልማቱን የሚተካ ከሆነ ግን ኪሳራ ነው፤ ብቻውን መጫወት የለመደ ደንበኛ ወርኃዊ ክፍያውን እንዳያቋርጥ የሚይዘው ጓደኛ የለውምና። ሽልማቱ ይቀጥል። እንደ 2018ቱ ያለ ጉድለት ሲገጥም ግን ሳንቲም መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መታደስ ያለበት ቦታው ራሱ ነው።