በሸክላ የተቀረጸ የሐመር ዜማ፦ ብርቅ የሙዚቃ ሸክላዎችና የደቡብ ኦሞ የድምፅ ቅርስ

የሐመር ብሔረሰብ ሙዚቃ እ.ኤ.አ በ1979 በምዕራብ በርሊን በሸክላ ታትሞ ወጥቷል። ይህ በዘርፉ ለሚሠሩ ባለሙያዎች እንኳ አዲስ ዜና ሊሆን ይችላል። ሸክላውን ያሳተመው የበርሊን የህዝቦች ባህል ሙዚየም ሲሆን፣ ድምፁን በሐመር ምድር ተቀምጠው የቀረጹት ጀርመናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢቮ ስትሬከር ናቸው። እንዲህ ያሉ ህትመቶች ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት በውጭ አገር ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ብርቅና እንግዳ ሸክላ ማሰባሰብን ሥራቸው ባደረጉ ግለሰቦች መደርደሪያ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሸክላ ማሰባሰብን ልማድ በአጭሩ ካብራራ በኋላ፣ ጉዳዩ በጂንካና በዞኑ ወረዳዎች ለሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ምን ትርጉም እንዳለው ያስረዳል።

በአገራችን የሙዚቃ ዲስክ ለረጅም ጊዜ ሲጠራ የኖረው "ሸክላ" ተብሎ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩት የጥንቶቹ ዲስኮች ሲወድቁ እንደ ማሰሮ የሚሰበሩ ስለነበሩ ስያሜው በሚገባ ይስማማቸዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ በ1948 ባለ 33ቱ ትልቅ ዲስክ፣ በ1949 ደግሞ ባለ 45ቱ ትንሽ ዲስክ በአሜሪካ ለገበያ ቀረቡ። እነዚህ ከፕላስቲክ የተሠሩ በመሆናቸው በቀላሉ አይሰበሩም፤ የአማርኛው ስም ግን አልተለወጠም። ትልቁ ዲስክ በአንድ ገጹ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ድምፅ ሲይዝ፣ ትንሹ ለአንድ ዘፈን ብቻ የሚበቃ ነው።

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነበር። ባለቅኔውና አዝማሪው ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን በተጓዙበት ወቅት ዜማዎቻቸውን ለሸክላ ማስቀረጻቸው ይታወቃል። የሸክላ ንግድ በአዲስ አበባ የደራው ግን እ.ኤ.አ ከ1969 ወዲህ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበር ይዞት የነበረውን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍተው በራሳቸው ስም ማሳተም ጀመሩ። ቀጥሎም ፊሊፕስና የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ሥራውን ተቀላቀሉ። ህትመቱ የሚከናወነው በውጭ አገር ፋብሪካዎች ነበር። ካሴት ገበያውን እስከ ወሰደበት እስከ 1978 እ.ኤ.አ ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽና 30 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች መታተማቸውን የዘርፉ አጥኚዎች ያስረዳሉ።

የሸክላ አሰባሳቢዎች ዓይን ያረፈው በቅድሚያ በእነዚህ ላይ ነው። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ ከተባለ አሳታሚ ጋር (ስሙ በአማርኛ ጆሮ ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም) እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ "ኢትዮፒክስ" የተሰኘውን ተከታታይ ህትመት ከጀመሩ ወዲህ፣ የአለማየሁ እሸቴ፣ የማህሙድ አህመድና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ተፈላጊ ሆነዋል። በዚህም ሳቢያ በየቤቱ አቧራ ለብሰው የነበሩ በርካታ ሸክላዎች ከአገር ወጥተዋል። የሆነው ሁሉ ጥፋት ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። አንዳንዱ ዘፈን ዛሬ የሚደመጠው አንድ አሰባሳቢ ጠብቆ ስላቆየው መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

አሰባሳቢው ብርቅ የሚለው ሸክላ የግድ ዝነኛ ሙዚቃ የያዘ አይደለም። በጥቂት ቅጂ የታተመ፣ ወዲያው ከገበያ የጠፋ፣ ወይም በንግድ ሱቅ ጭራሽ ያልተሸጠ ሊሆን ይችላል። የወፎች ድምፅ፣ የባቡር ጉዞ፣ የቋንቋ ትምህርት፣ የፋብሪካ ማስታወቂያና የመሳሰሉትን የያዙ ዲስኮች የሚፈለጉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተመራማሪዎች በየገጠሩ ተዘዋውረው የቀረጿቸው የህዝብ ዜማዎችም በዚሁ መደብ ይገባሉ። ለአሰባሳቢው "እንግዳ" የሆነው ድምፅ ለዲመካ ወይም ለቱርሚ ነዋሪ የዕለት ተዕለት ኑሮው አካል መሆኑ ግን ሁልጊዜም መታሰብ ያለበት ነው።

በአዲስ አበባው የሸክላ ዘመን የታተመው በአብዛኛው የከተማ ዘፈን ነበር። የደቡብ ኢትዮጵያ ህዝቦች ሙዚቃ ወደ ሸክላ የገባው በሌላ መንገድ፣ ይኸውም በተመራማሪዎች መቅረጫ በኩል ነው። በለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ተዘዋውረው ከቀረጹት ውስጥ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የኩሽ ህዝቦችን ሙዚቃ የሚመለከት አንድ ሸክላ ዩኔስኮ በሚደግፈው ተከታታይ ህትመት ወጥቷል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብም የዶርዜን የብዙ ድምፅ ዝማሬ ቀርጸው እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በፓሪስ አሳትመዋል። የሐመር ሸክላ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ቢሆንም፣ አንድ ብሔረሰብን ብቻ ለይቶ በመያዙና ከረጅም ጊዜ የመስክ ቆይታ የተገኘ በመሆኑ ልዩ ስፍራ አለው።

ስትሬከርና ባለቤታቸው ጂን ላይዳል ወደ ሐመር የመጡት እ.ኤ.አ በ1970 ነበር። ዳምባይቲ በተባለችው መንደር ኑሯቸውን መሥርተው ቋንቋውን ተማሩ። ባልዳምቤ በሚል ስም የሚታወቁት አይኬ በሪናስ አስተናጋጃቸውም፣ አስረጃቸውም ሆኑ። ሸክላው በታተመበት በዚያው 1979 እ.ኤ.አ ስለ ሐመር ህዝብ የተዘጋጁ ሦስት ቅጾች የወጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ባልዳምቤ ስለ ህዝባቸው የሰጡትን ማብራሪያ የያዘ ነው። ሸክላውም መታየት ያለበት ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ተያይዞ ነው። በሐመር እንደ ሌሎቹ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ሁሉ ከብት ከዘፈኑ ተነጥሎ አይታይም፤ የበሬው ቀለም፣ የቀንዱ ቅርጽ፣ የባለቤቱ ክብር በዜማ ይወደሳል። በከብት ዝላይ ሥነ ሥርዓት ላይ ሴቶች በእግራቸው ያሠሩት ቃጭልና የሚነፉት የቆርቆሮ ጥሩንባ፣ በኢቫንጋዲ ምሽት ደግሞ የወጣቶቹ ዝላይና ጭብጨባ ራሱ ሙዚቃ ነው። ማብራሪያው ጠፍቶ ድምፁ ብቻ የቀረ እንደሆነ አድማጩ የሚያገኘው ጩኸትና ምት ብቻ ይሆናል። ለዚህም ነው ሽፋኑና የማብራሪያ ጽሑፉ የጠፋበት ሸክላ፣ ምንም ጭረት የሌለበት ቢሆን እንኳ፣ ለቅርስ ሥራ ግማሽ ዋጋውን ያጣል የሚባለው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ሸክላ ምንጊዜም ቅንጫቢ መሆኑ ነው። ተመራማሪው በመስክ የሚቀርጸው በቴፕ ክር ላይ ሲሆን፣ አንድ ሥነ ሥርዓት ከማታ እስከ ንጋት ሊዘልቅ ይችላል። አሳታሚው ግን በሁለት ገጽ ከ50 ደቂቃ በላይ እምብዛም ስለማይኖረው መርጦ፣ ቆርጦ፣ አሳጥሮ ያትማል። ዋናው ቅርስ ክሩ ነው። ብርቅ ሸክላን በውድ ዋጋ ከአሰባሳቢ ለመግዛት መሯሯጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አዋጭ አካሄድ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዚያው ጥረት ዋናውን ቅጂ ለያዘው ተቋም ደብዳቤ መጻፍ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። እ.ኤ.አ በ1900 የተቋቋመውና የታሪካዊ ቅጂዎቹ ስብስብ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም የማስታወሻ መዝገብ የሰፈረለት የበርሊን የድምፅ ቤተ መዛግብት ከበርሊኑ ሙዚየም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ለጥያቄው መነሻ ሊሆን ይችላል። በጂንካ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ሲቋቋም ስትሬከር ራሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ እንደነበሩ መታወሱም ለዚህ ግንኙነት ይረዳል።

በጉዳዩ ላይ የሚያስቸኩል ነገር አለ። እ.ኤ.አ በ1975 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዘፋኝ ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። በመስክ ቅጂ ላይ ድምፁ የተቀረጸው ሰው ብዙ ጊዜ "የወንዶች ዘፈን"፣ "የሴቶች ዘፈን" ተብሎ ብቻ ይመዘገባል። ይህ ድምፅ የእገሌ ነው፣ ይህ በሬ የእገሌ አባት ነበር ብሎ ሊለይ የሚችለው አብሮ የኖረ ሰው ነው። ቅጂው ከ20 ዓመት በኋላም ከበርሊን ሊመጣ ይችል ይሆናል፤ ድምፁን የሚለይ ሽማግሌ ግን ያን ጊዜ አይገኝም።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ፣ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በእጅ የማይዳሰሱ ነገር ግን የሚታዩና የሚሰሙ ቅርሶችን፣ ሙዚቃን ጨምሮ፣ በቅርስነት ይፈርጃል። የዩኔስኮውን የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነትም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2006 አጽድቃለች። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የከዋኞችንና የድምፅ ቅጂ አዘጋጆችን መብት ይደነግጋል። ሆኖም የከዋኙ ስም ሳይታወቅ መብቱን ማስከበር አስቸጋሪ ነው። የስም መለየት ሥራ የባህል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመብትም ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ብዙ በጀት አይጠይቅም። በቅድሚያ የትኛው ተቋም የትኛውን ቅጂ እንደያዘ መዝግቦ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ዲጂታል ቅጂው ከነማስታወሻው እንዲላክ በዞኑ በኩል በጽሑፍ መጠየቅ፣ ሲደርስም በዲመካ ወይም በቱርሚ ሽማግሌዎችንና እናቶችን ሰብስቦ ማስደመጥና የሚሉትን በሐመርኛ እንዳለ መቅረጽ ነው። ከማስደመጡ በፊት ግን ለአደባባይ የማይወጣ የሥርዓት ዜማ መኖር አለመኖሩን ባለቤቶቹን መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በትርጉሙ ሊሳተፉ ይችላሉ። አንድ ቅጂ በጂንካ፣ አንድ ቅጂ በወረዳው መቀመጥ ይኖርበታል፤ በአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር ብቻ የተቀመጠ መረጃ ኃላፊው ሲቀየር ወይም መሣሪያው ሲበላሽ አብሮ እንደሚጠፋ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል።

ሸክላው ራሱ እጅ ከገባ አያያዙ ቀላል ነው። እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ በጀርባው አይደራረብም፤ ከተደራረበ ይጎብጣል። ሲያዝ በጠርዙና በመሐል ወረቀቱ ብቻ ነው፤ የጣት ቅባት በቦዩ ውስጥ አቧራ ይሰበስባልና። የቆላው ሙቀት፣ በተለይም በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው፣ በአጭር ጊዜ ያጣምመዋል። ያረጀ መርፌ በእያንዳንዱ ማጫወት ድምፁን ስለሚፍቀው፣ አንድ ጊዜ በጥሩ ማጫወቻ ወደ ዲጂታል ከተገለበጠ በኋላ ሸክላውን ማሳረፍ ይመረጣል።

እ.ኤ.አ በ2023 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ኣሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ስለዚህም በቀድሞው ደቡብ ኦሞ ስም የተመዘገቡ የድምፅ ቅጂዎች ዛሬ ሁለቱንም ዞኖች ይመለከታሉ። ለውጭ ተቋማት የሚላከው ጥያቄ ሁለቱን አስተባብሮ፣ የብሔረሰቡን፣ የመንደሩንና የቀራጩን ስም ጠቅሶ ቢጻፍ፣ በካታሎግ ፍለጋ የሚጠፋውን ጊዜ ያሳጥራል።