ፈጣኑ መኪና የት ይሞከር?

ልጅ ሥራ ይዞ የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ ቤተሰብ ይደሰታል። መኪናው ሙስታንግ ከሆነ ግን ደስታው ጭንቀትም ይዞ ይመጣል። «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» የሚለው የእናት ምክር ብዙ ጊዜ ከበር አያልፍም። ልጁ የመኪናውን አቅም መሞከሩ ላይቀር፣ ቢያንስ ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ ባይሆን ይመረጣል።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላ ቦታ አለ። ዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ስፍራ ዋና ትራኩ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያዎች አሉት። ከውድድር ቀናት ውጪ የአነዳድ ትምህርት ይሰጥበታል። ተማሪው የራሱን መኪና ይነዳል፣ ሄልሜት ያደርጋል፣ አሰልጣኙ ጋቢና ይቀመጣል። እግረኛ የለም፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪናም የለም። ጀማሪ የሚቀድመው በተወሰነ ቦታ፣ ያውም የፊተኛው በእጁ «እለፍ» ሲለው ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከሞተሩ ሳይሆን ከጎማው ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ያቺ ቦታ ያላት አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ለቤት ኪራይ የወጣው ለአስቤዛ አይገኝም። ሙሉ አቅሟን ለፍሬን ያዋለች ጎማ ለመታጠፍ የሚተርፋት ስለሌላት፣ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው መታጠፊያው ሳይደረስ፣ በቀጥታው መንገድ ላይ ነው።

ከባዱ ትምህርት ድንጋጤን ማሸነፍ ነው። ሰው መታጠፊያ መሃል ፍጥነቱ ሲያስፈራው እግሩን ከነዳጅ ላይ በድንገት ያነሳል። ያኔ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መኪናው ከኋላው ተንሸራቶ ሊሽከረከር ይችላል። ትራክ ላይ ይህ ከደረሰ ብዙውን ጊዜ ሣር ላይ ወጥቶ መቆም ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ምሰሶ ወይም ሰው አለ። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ ሲስተም ያግዛል (ጀማሪ በፍጹም ባያጠፋው ይሻላል)፤ ጎማው የሌለውን አቅም ግን አይሰጠውም።

ወጪውም ይታሰብበት። ጎማና የፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃሉ፤ ያረጀ የፍሬን ዘይት በሙቀት ሊፈላና ፔዳሉን ባዶ ሊያደርገው ስለሚችል አስቀድሞ ይቀየር። ብዙ የመኪና ኢንሹራንሶች ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ ኢንሹራንስ ግን አለ። አብራችሁ የምትሄዱ ወላጆች ታጣፊ ወንበርና ምሳ ያዙ፤ ከሚነዳበት ሰዓት ተራ የሚጠበቅበት ይበልጣል።