ያልተሞከረ መጠባበቂያ

የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ማለትም የአንድን ድርጅት መረጃ በሥርዓት የሚያስቀምጠውን ሶፍትዌር እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው፣ የሙያውን ንድፈ ሐሳብ ከመጻሕፍት ሊቀስም ይችላል፤ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው፣ መረጃን በሠንጠረዥ መልክ የማደራጀት ሐሳብ ዛሬም የትምህርቱ መነሻ ነው። ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት ግን ባለሙያው በአብዛኛው የሚማረው ተመሳሳይ ጉዳት ከደረሰባቸው የሙያ ባልደረቦቹ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው እነርሱ የደረሰባቸውን ሳይሸሽጉ ሲናገሩ ነው።

በዚህ ረገድ በባለሙያዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው፣ የፕሮግራም ኮድ በሚቀመጥበትና በጋራ በሚሠራበት በጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰው አደጋ ነው። የድርጅቱ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ በአንድ ዋና ሰርቨርና የዋናውን ለውጥ እየተከተለ በሚቀዳ ተጠባባቂ ሰርቨር ላይ ይሠራ ነበር፤ ይህ አሠራር ሪፕሊኬሽን ይባላል። በዚያ ምሽት ተጠባባቂው ከዋናው ወደ ኋላ በመቅረቱ፣ አንድ መሐንዲስ የተጠባባቂውን ፋይሎች አጥፍቶ ቅጂውን እንደ አዲስ ሊያስጀምር ሲል ትእዛዙን የሰጠው በዋናው ሰርቨር ላይ ሆነ፤ ወዲያው ነቅቶ ቢያቋርጠውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

ለሙያው ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ከዚያ በኋላ የታየው ነው። ፒጂደምፕ በተባለው የመቅጃ መሣሪያ በየ24 ሰዓቱ እየተዘጋጀ ወደ ሌላ ማከማቻ መላክ የነበረበት መጠባበቂያ ቅጂ ሲፈለግ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ የ9.6 እትም ሲሆን መሣሪያው በ9.2 እትም ይሠራ ስለነበር፣ ፒጂደምፕም ከራሱ የላቀ እትም ያለውን ዳታቤዝ ስለማይቀዳ፣ ሥራው በየጊዜው በስህተት እየተቋረጠ ነበር። ስህተቱን እንዲያሳውቁ የተላኩት ኢሜይሎች ደግሞ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር መለሳቸው፤ ማስጠንቀቂያ ባለመምጣቱም ሁሉም ደህና መሰለ። ዳታቤዙ የተረፈው ከአደጋው 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጅ በተወሰደ የዲስክ ቅጂ ሲሆን፣ በመካከሉ የተመዘገበው መረጃ ግን ጠፋ፤ በዚህም በግምት 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 አዳዲስ የተጠቃሚ አካውንቶች ጉዳት ደረሰባቸው።

ድርጅቱ የጥገናውን ሂደት በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፤ በቀናት ውስጥም የክፍተቶቹን ዝርዝር የያዘ ሪፖርት ለሕዝብ አወጣ፤ ሪፖርቱም ጥፋቱን በአንድ ግለሰብ ከማሳበብ ይልቅ አሠራሩን መረመረ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለዚህ ሙያ በሚገባ ይስማማል፤ ገመናን አደባባይ ማውጣት ለማንም ድርጅት ከባድ ቢሆንም፣ ከዚያ ሪፖርት የተነሣ የራሱን የፒጂደምፕ እትም ለማየት የተቻኮለ ባለሙያ ሁሉ የዚያ ድፍረት ባለዕዳ ነው።

በዕለት ተዕለት ሥራም ትምህርቱ የሚገለጸው በቀላል ልማዶች ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ በዋናውና በተጠባባቂው ሰርቨር የትእዛዝ መስኮቶች ላይ የተለያየ ቀለም ያደርጋል። መጠባበቂያ ቅጂውንም «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ስለደረሰው ብቻ አያምነውም፤ በተለየ ሰርቨር ላይ መልሶ ይጭነዋል፣ የሠንጠረዦቹን የረድፍ ብዛት ከዋናው ጋር ያስተያያል፣ በተለይም የመጨረሻው መዝገብ የገባበትን ቀንና ሰዓት ይመለከታል፤ ያለ አንዳች ስህተት የሚጫን የባለፈው ወር ቅጂ ሊኖር ይችላልና። ይህን ሥራ ለጀማሪ ባለሙያ፣ አንጋፋው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ መስጠት ተገቢ ነው፤ ጭነቱ የወሰደውንም ጊዜ ጀማሪው በጽሑፍ ያስፍረው፤ እውነተኛው አደጋ ሲደርስ ኃላፊዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ሥራው በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ነውና።