ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ቅዳሜ እነሣለሁ» ብሎ ቢልክ፣ መቼ ወጥተን እንቀበለው? ፊደልና ቁጥር የለየ ሰው ይህን ከቲኬቱ ላይ ራሱ አንብቦ ማወቅ ይችላል። እስቲ አብረን እናስላ።

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አጠገብ ዳለስ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብርቱ እግረኛ፣ ባሕሩ የብስ ቢሆንለት እንኳ፣ 9 ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። አውሮፕላን ግን ሳያርፍ ሲመጣ በ13 ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

ከእኛ ወደዚያ ሲሄድ ግን ይቆያል። መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ ለምን? ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ በሰሜን አገሮች ሰማይ ላይ፣ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ እኛ ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል። ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ደጋው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ዳለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር የክንፉንም የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። እንግዲህ ጭነት የበዛበት አህያ ዳገት እንደሚከብደው፣ ከቦሌ የሚነሣውም አውሮፕላን መንገደኛውንና ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የአየርላንዷ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። በዚህ ምክንያት መሄጃው ከ16 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

አሁን ወደ ቲኬቱ እንመለስ። በሐምሌ ወር «ቅዳሜ 11:00 ከዋሽንግተን፣ እሑድ 07:00 አዲስ አበባ» ይላል እንበል። ከ11 እስከ ማግስቱ 7 ስንቆጥር 20 ይሆናል። ነገር ግን መነሻው የተጻፈው በዋሽንግተን ሰዓት፣ መድረሻው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ፀሐይ እኛ ዘንድ ቀድማ ትወጣለች። ስለዚህ ሰዓታችን በሐምሌ በ7፣ በጥር በ8 ሰዓት ይቀድማል። ከ20 ላይ 7 ሲቀነስ 13 ይቀራል። የበረራው ጊዜ ይህ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ቲኬት ላይ ያለው ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከ7 እስከ 18 ካለው ቁጥር 6 ቀንሱ። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። «7 ሰዓት» ብሎ በቀትር የሚሄድ ሰው፣ እንግዳውን 6 ሰዓት ሙሉ በር ላይ ያስጠብቀዋል።

ራሳችሁ ሞክሩ፦ ቲኬቱ 09:00 ቢል፣ በእኛ ስንት ሰዓት ነው?