የ800 ዶላር ሪል ለማን ያዋጣል?

 

ፈተና ሲያልቅ ወደ አሳቲግ ደሴት ዓሣ ለማጥመድ የሚሄደው ቡድናችን ዘንድሮ ቁጥሩ ጨምሯል፤ አልሐምዱሊላህ። አብሮት የጨመረ አንድ ጥያቄም አለ፦ «ለባሕር ዳርቻ ምርጡ ሪል ይሄ ነው ይላሉ፣ ዋጋው 800 ዶላር ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በቤተ መጻሕፍትና በካፍቴሪያ በሰዓት እየተከፈላቸው የሚሠሩ ተማሪዎች ናቸው። በሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ 15 ዶላር ነው። በዚህ ሒሳብ 800 ዶላር ማለት ታክስ ሳይቆረጥ እንኳ ከ53 ሰዓት በላይ ሥራ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ስለማይፈቀድለት፣ ወደ ሦስት ሳምንት የሚጠጋ ደመወዙ ለአንድ ዕቃ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ «ካማረህ ግዛ» ብለን የምናልፈው ነገር አልሆነልንም።

ሪል ስንል ሌሊቱን በስልክ የሚያሳድረንን አጫጭር ቪዲዮ ማለታችን አይደለም። በማጥመጃው ዘንግ ላይ የሚታሰረውን፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን ማሽን ነው። አሳቲግን ለማያውቅ ደግሞ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጠረፍ የተዘረጋ፣ 37 ማይል ማለትም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የዱር ፈረሶች የሚዘዋወሩበት ጠባብ የአሸዋ ደሴት ነው። ከግቢያችን በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በስተምሥራቅ በኩል ምንም የሚከልለው ነገር ስለሌለ የአትላንቲክ ማዕበል በቀጥታ መጥቶ አሸዋው ላይ ይሰበራል።

የዋጋውም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ማዕበል ነው። ብዙዎቻችን ዓሣ ሲጠመድ ያየነው በሐዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በጣና ዳር ነው። እዚያ ዕቃው ውሃ ቢነካው ይደርቃል፣ በቃ። የውቅያኖስ ውሃ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ወደ ሪሉ ውስጥ ከገባ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል፤ የቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ኩሽኔታውን ቀስ በቀስ ያዝገዋል። አሸዋው ደግሞ ከአሉሚኒየም የጠነከረ ስለሆነ ማርሹ መሐል ከገባ እንደ ሞረድ ይፈጫል። በሐይቅ ዳር ብዙ ዓመት የሚያገለግል ርካሽ ሪል እዚህ በአንድ ክረምት ሲንኳኳ የምትሰሙት ለዚህ ነው።

ውድ ሪል የሚሸጠው ከዚህ ጥፋት መጠበቂያ ነው። ለምሳሌ ቫን ስታል የሚባለው፣ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ700 ዶላር በላይ የሆነው፣ አካሉ ከድፍን አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የሚሠራና በጎማ ቀለበቶች ታሽጎ ውሃ ውስጥ ቢነከርም እንዲችል የታሰበ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ በተለመደው ሪል የምናውቀው፣ ክሩን ሰብስቦ ወደ መጠምጠሚያው የሚመልሰው የሽቦ ቅስት እንኳ የለም፤ አጥማጁ ክሩን በጣቱ ይዞ ይመልሳል። ለአዲስ ሰው የጎደለ ነገር ይመስላል። ሆኖም በማዕበል መሐል ቀድሞ የሚጣመምና የሚበላሸው ያ ሽቦ ስለሆነ አውቀው አውጥተውታል።

ይህን ዕቃ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ማወቅ የጥያቄውን ግማሽ ይመልሳል። በኒው ዮርክ ሞንቶክ በሚባለው ጫፍ፣ በጨለማ፣ የዋና ልብስ እንደ ቆዳ ለብሰው ከባሕሩ መሐል ወዳለ ድንጋይ ዋኝተው የሚወጡ ሰዎች አሉ። ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ፍለጋ ነው። ሪሉ አብሯቸው ይሰጥማል፣ አብሯቸው ይወጣል፣ ማዕበል በላዩ ላይ ያልፋል፣ እንደገናም ይሠራል። ለእነሱ 800 ዶላር ቅንጦት አይደለም። በእንዲህ ያለ ሌሊት የሚቆም ሪል ማለት ያ ሁሉ መንገድና እንቅልፍ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

እኛስ እንዴት ነው የምናጠምደው? ደረቅ አሸዋ ላይ ቆመን፣ ክሩን ወርውረን፣ ዘንጉን አሸዋ ውስጥ በተተከለ የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ አቁመን፣ ሻይ ከቴርሞስ እየቀዳን እንጠብቃለን። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቢበዛ እስከ ጉልበት ነው። ሪላችን የሚያገኘው የጨው ጭጋግና አልፎ አልፎ የሚረጭ ማዕበል ነው እንጂ መስጠም አይደለም።

የምንሄድበት ወቅትም አለ። ትልልቆቹ ስትራይፕድ ባስ በአሳቲግ ዳርቻ የሚያልፉት በጸደይና በበልግ ነው፤ ማለትም አንዱ የመጨረሻ ፈተና ላይ፣ ሌላው የሴሚስተሩ መካከለኛ ፈተና ላይ። እኛ ነፃ በምንሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ዳርቻው ላይ በብዛት የሚያዘው ኪንግፊሽና ስፖት የሚባሉት ናቸው። ጣፋጮች ናቸው፣ ግን አብዛኞቹ ግማሽ ኪሎ አይሞሉም። ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ዓሣ በሞንቶክ ድንጋይ ላይ የተፈተነ ማሽን መግዛት፣ እኛ እንደምናየው፣ ሱቅ ድረስ ለመሄድ አይሱዙ እንደመግዛት ነው።

አሁን ሣጥኑ ላይ ወደሚጻፈው እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነውና።

መጀመሪያ «ውሃ አያስገባም» የሚለው ቃል ነው። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ሪሎች አሁን አይፒኤክስ 5 ወይም 6 የሚል ምልክት ይዘው ይመጣሉ። ለምሳሌ ፔን የተባለው ኩባንያ የሠራው ስፒንፊሸር 6 አይፒኤክስ 5 ሲሆን፣ ከእሱ የሚበልጠው ስላመር 4 ደግሞ አይፒኤክስ 6 ነው። ቁጥሩ ሲታይ 6 ከ5 ስለሚበልጥ ባሕር ውስጥ ቢገባም የሚችል ይመስላል። ፈተናው ግን ሌላ ነው። 5 ማለት ከቧንቧ አፍ የሚወጣ ውሃ በደቂቃ 12.5 ሊትር ሲረጭበት አይጎዳም ማለት ነው። 6 ማለት ደግሞ በደቂቃ 100 ሊትር ሲረጭበት። መነከርን የሚመለከተው 7 ነው፤ እሱም እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ነው። 6ን ያለፈ ዕቃ 7ን አልፏል ማለትም አይደለም፤ ፈተናዎቹ ለየብቻ ናቸው። ለእኛ ዓይነት አጥማጅ 5 ይበቃል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ለሚገባ ግን 6 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሊያስተማምነው አይገባም።

ቀጥሎ ፍሬኑ አለ፤ ዓሣው ሲሸሽ ክሩ እንዳይበጠስ እየጎተተ የሚለቀው ክፍል። ሻጮች «20 ኪሎ ይይዛል» እያሉ ያሞግሱታል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ግን ፍሬኑን የሚያጠብቁት ክሩ ከሚችለው ክብደት ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ክር 30 ፓውንድ፣ 13.6 ኪሎ መሆኑ ነው፣ የሚችል ነው። ሦስተኛው 4.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 20 ኪሎ የሚያህል ጉልበት አሸዋ ላይ ለቆመ ሰው ምንም አይሠራለትም፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም እሱ ራሱ ይሳባል። ፍሬን ላይ መታየት ያለበት ጉልበቱ ሳይሆን ለስላሳነቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ክሩን በእጃችሁ ሳቡት፤ እየነጠረ ሳይሆን በአንድ ወጥ የሚለቅ ከሆነ ጥሩ ነው።

የኩሽኔታ ብዛትንም ሲያወዳድሩ ትሰማላችሁ። ጨው ባለበት ቦታ ያልታሸገ ኩሽኔታ በበዛ ቁጥር ሊዝግ የሚችለው ነገር በዛ ማለት ብቻ ነው።

ርቆ መወርወርን በተመለከተ ደግሞ በቀጥታ እንናገር፦ ውድ ሪል ሩቅ አያስወረውርም። ሩቅ የሚያስወረውረው ረጅም ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ ተመጣጣኝ እርሳስና ልምምድ ነው። መጠምጠሚያው በክር በደንብ መሞላቱም ይረዳል፤ ከከንፈሩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ጎደል ብሎ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሒሳቡን በምሳሌ እናስላው። አንድ ሰው በዓመት 40 ሌሊት ውሃ ውስጥ ገብቶ ያጠምዳል እንበል። የ800 ዶላር ሪል 10 ዓመት ቢያገለግለው አንዱ ሌሊት 2 ዶላር ይወጣለታል። የ120 ዶላሩ ግን እንዲህ ባለ አያያዝ በየዓመቱ ቢሞትበት ሌሊቱ 3 ዶላር ነው። ለዚህ ሰው ውዱ ረከሰ። በዓመት አራት ጊዜ የሚሄደው የእኛ ወንድም ግን በ10 ዓመት 40 ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው፤ 800 ለ40 ሲካፈል ለአንድ ጉዞ 20 ዶላር ሆነ። የ120 ዶላሩ እየታጠበ አራት ዓመት ቢቆይለት አንዱ ጉዞ 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ደግሞም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከባሕር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ ከተማ ላለመድረሱ ማን ዋስ ይሆነዋል?

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ወጪም አለ። በሚገባ የታሸገ ሪል ቤት ውስጥ በዊንጭ ሊከፈት አይገባም፤ እሽጉ ከተነካ የከፈላችሁበት ነገር ይጠፋል። ለሰርቪስ ወደ ሠሪው ወይም ወደ ባለሙያ በፖስታ ይላካል፣ ይከፈልበታል፣ እስኪመለስም ይጠበቃል። ቀላሉን ሪል ግን በዩቲዩብ እየተመራችሁ ከፍታችሁ ግሪስ መቀባት ትችላላችሁ።

ስለ አከፋፈሉም እንናገር። «በክሬዲት ካርድ እወስድና ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ» ያሉን አሉ። ዕዳው በጊዜው ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ወለድ ይቆጠራል። በዓመት 24 በመቶ የሚያስከፍል ካርድ ቢሆን በ800 ዶላር ላይ የአንድ ወሩ ብቻ 16 ዶላር ነው። ለእኛ ደግሞ ነገሩ የ16 ዶላር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለመዝናኛ ዕቃ ብሎ ሪባ ውስጥ መግባት ነው። «በአራት ጊዜ ክፈሉ፣ ወለድ የለውም» የሚሉትም ቢሆኑ ስትዘገዩ ስለሚመጣው ቅጣት ውሉን አንብቡ፤ ካጠራጠራችሁም ከመፈረማችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ገንዘቡ በእጁ ያለው፣ ቤተሰቡን የሚረዳበትን የማይነካ፣ በእውነትም በየሳምንቱ የሚያጠምድ ሰው ካለ ግን ውድ ስለሆነ ብቻ ኢስራፍ ነው አንለውም። የሚሠራበት ዕቃ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? ለአብዛኞቻችን ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው መሐል የሚገኝ፣ 5000 ወይም 6000 ቁጥር መጠን ያለው ሪል ይበቃል። የተረፈውን ለጥሩ ክርና ለዘንግ አድርጉት። 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በሜሪላንድ በኩል ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ለእሱም አስቀምጡ። ያገለገለ ውድ ሪል በግማሽ ዋጋ ካገኛችሁ ሊያዋጣ ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶ አይታችሁ አትግዙ። ማዞሪያውን በዝግታ አዙሩት፤ የአሸዋ ስሜት ወይም ድምፅ ካለው ተዉት። ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ተሽከርካሪ በጣት ስትነካ መዞር አለባት። ብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ የዊንጭ ጭረት ካያችሁ ማን እንደከፈተው ጠይቁ።

ሪሉን ከዋጋው ይልቅ የሚያኖረው አያያዙ ነው። አሸዋ ላይ አታስቀምጡት። ዓሣ የሚበላው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ፈጅርና መግሪብ ላይ ሁሉም ዘንጉን ጥሎ ይሮጣል፤ ከሰላቱ በፊት ክሩ ይሰብሰብና ዘንጉ ቧንቧው ላይ ይቁም። ቤት ስትደርሱ ፍሬኑን አጥብቁ፣ ከዚያ ሪሉን በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ውሃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ሲደርቅ ፍሬኑን መልሳችሁ አላሉት፣ ውስጥ ያሉት ዝርግ ቀለበቶች ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ።

ከመግዛቱ በፊት መሞከር የሚፈልግ ካለ ቡድናችን ሁለት ሪሎች አሉት፣ አንዱ የታሸገ አንዱ ያልታሸገ። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ለቀጣዩ ጉዞ ስም ስንመዘግብ ንገሩን፤ ኢንሻአላህ እናውሳችኋለን። ሲመለስ ታጥቦ ይመለስ።