የሬዲዮ ሳይንስ ልብ ወለድ ስለ ዜጋው ድርሻ ምን ይነግረናል?

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መንኮራኩርና ሮቦት ነው፡፡ እኔ ግን የቆዩ የሬዲዮ ድራማዎችን ባዳመጥኩ ቁጥር ከመንኮራኩሩ ጀርባ የማገኘው አንድ የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ ማን ይወስን? ዜጋውስ ድርሻው ምንድን ነው? ሦስቱን ብቻ ላንሳ፡፡

የመጀመሪያው ከጃክ ዊሊያምሰን ድርሰት ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካው ኤንቢሲ «ዳይሜንሽን ኤክስ» በተሰኘው ዝግጅቱ ያቀረበው ነው፡፡ ሰውን እንዲያገለግሉና ከጉዳት እንዲጠብቁ የተሠሩ ሮቦቶች ወደ አንዲት ከተማ ይገባሉ፡፡ ክፋት የላቸውም፡፡ ነገር ግን «አደጋ አለው» እያሉ ሰውን ከእያንዳንዱ ሥራ ያስወጡታል፡፡ በመጨረሻ ለነዋሪው የሚቀረው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነው፡፡ ነፃነት በዱላ ብቻ ሳይሆን በእንክብካቤም ሊወሰድ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም፡፡

ሁለተኛው የሮበርት ሼክሊ ነው፡፡ «ኤክስ ማይነስ ዋን» የተባለው የኤንቢሲ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1956 አስተላልፎታል፡፡ በሩቅ ፕላኔት የሚኖሩ መንደርተኞች ከረጅም ዘመን ዝምታ በኋላ ከመሬት ተቆጣጣሪ እንደሚመጣባቸው ይሰማሉ፡፡ መሬትን ለመምሰል እስር ቤት ይሠራሉ፣ የፖሊስ አዛዥ ይሾማሉ፡፡ ወንጀለኛ ስለሌላቸውም ለአንዱ ነዋሪ የመስረቅና የመግደል ፈቃድ ይሰጡታል! ሰውዬው ግን መግደል ያቅተዋል፡፡ ቀልዱ ቁም ነገር አለው፡፡ ተቋም ማለት ሕንፃውና ማህተሙ ብቻ አይደለም፤ ሰላሙን የጠበቀው ቀድሞም በጎረቤታሞቹ መካከል የነበረው መተማመን ነው፡፡

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የጀመረው የዳግላስ አዳምስ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው፡፡ በ1980 በተላለፈው ክፍል ዓለማትን የሚገዛው ሰው ከድመቱ ጋር በጎጆ ውስጥ ይኖራል፡፡ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ለሥልጣን አይበጅም ከሚል አስተሳሰብ የመጣ ነው፡፡ በዚህ እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ፡፡ ይህ ገዥ ሥልጣን አይመኝም፤ ነገር ግን ውሳኔው የሚነካቸውን ሰዎች አያውቃቸውም፣ እነሱም ሊጠይቁት አይችሉም፡፡ ተጠያቂነት ከሌለ የገዥው ትህትና ብቻውን ለዜጋው ዋስትና አይሆንም፡፡

እነዚህን ታሪኮች በድምፅ መስማት የራሱ ጥቅም አለው፡፡ ስዕሉን የሚሠራው አድማጩ በመሆኑ ሮቦቱም ሹሙም እሱ የሚያውቀውን ሰው መልክ ይይዛሉ፡፡ የሬዲዮ ድራማን ኃይል እኛም እናውቀዋለን፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎች ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ ማስተማሩን ልብ ይሏል፡፡

ዛሬ ኮምፒዩተር ምክር በሚሰጥበት ዘመን ጥያቄው የልብ ወለድ ብቻ አይደለም፡፡ ውሳኔያችንን ለማሽን፣ ለባለሙያ ወይም ለሹም ስንሰጥ «ይመቻል ወይ?» ማለት አይበቃም፡፡ «ካልበጀን መልሰን መውሰድ እንችላለን ወይ?» ብለንም መጠየቅ ይገባናል፡፡